ሱጂን ጎንበስ ያለች ዕለት

ባለፈው ሳምንት ቆሎ ብዬ ገብስ እየቆላሁ ስልክ ተደወለልኝ። ወሬው ጣፈጠኝና ስመለስ ገብሱ ከስሏል፤ ጭሱ ሳሎን ድረስ ገብቷል። ሌላ ቀን ቢሆን ራሴን እየረገምኩ እደፋው ነበር። ያን ቀን ግን ብረት ምጣዱን አውርጄ ሽታውን እየሳብኩ ቆምኩ። ከዚያ ውሃ አፈላሁበት፣ አጠለልኩትና በስኒ ቀድቼ ጠጣሁት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ደህና ነሽ አይደል?» አለኝ። ደህና ነበርኩ። ሱጂን ትዝ ብላኝ ነው።

ሱጂን ኮሪያዊት ናት። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ሦስተኛ ክፍል በምማርበት ዓመት፣ አሰላ፣ ግቢያችን ጓሮ ያለችውን አንድ ክፍል ሰርቪስ ተከራይታ ትኖር ነበር። ያመጣት የድንች ዘር ፕሮጀክት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ሲሬ ገበሬዎች ትሄዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ ትመለሳለች። የእናቴ ታናሽ ወንድም ጀማል ደግሞ የዚያው ፕሮጀክት የግብርና ባለሙያ ነበር። በአንድ መኪና እየሄዱ፣ አንድ ማሳ ላይ እየዋሉ ዓመት ሞላቸው። ድንቹ ምን ያህል እንዳፈራ አላውቅም፤ እነሱ ግን ተዋደዱ።

ግቢው የእናቴና የጀማል አባት የሆኑት የአያቴ ነው። አካኮ ነበር የምንላቸው፤ እኛ ቤት በኦሮምኛ አያትን የምንጠራው እንዲያ ነው። አካኮ ኢተያ ላይ እህል ሲነግዱ ኖረው፣ ዕድሜ ሲጫናቸው ሱቁን ዘግተው አሰላ የከተሙ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱን የምትመራው እናቴ ነበረች። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚገኘው። አካኮ ከግቢው በር ወጣ ብላ ባለች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሰው ያስታርቃሉ። ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም፣ ባለ ባጃጅና ባለ ጋሪ ሳይቀር እዚያች አግዳሚ ላይ ነገሩን ጨርሶ ነው የሚሄደው። ለእኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከኪሳቸው ተምር የሚያወጡልኝ ሰው ነበሩ።

ሱጂንና እናቴ መጀመሪያ የተቀያየሙት በገብስ ነው። ሱጂን ገብስ ትገዛና እስኪጠቁር ትቆላዋለች፤ ቆልታ ትቀቅለዋለች፤ ቀቅላ ውሃውን ትጠጣና ፍሬውን ትደፋዋለች። አርሲ ውስጥ ገብስ መድፋት! እናቴ ሦስት ቀን ዝም ብላ አየች። በአራተኛው ቀን አልቻለችም።

«ሱጂንዬ፣ ፍሬውን ጥለሽ እጣቢውን ነው እንዴ የምትጠጪው?»

«ጥሩ ነው፣ ቅመሺ» አለች ሱጂን እየሳቀች።

እናቴ ቀመሰችና «የበሽተኛ ሻይ» ብላ ስኒውን መለሰችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚደፋው ገብስ ለዶሮዎቻችን ሆነና ሰላም ወረደ። ሱጂን እንደምትለው፣ የከተማችን ብቅል ፋብሪካ ሽታ በነፋስ ሲመጣ እናቷ ማድ ቤት የገባች ይመስላታል። እኔ ደግሞ አየር በሙሉ በተፈጥሮው እንደዚያ የሚሸት ነበር የሚመስለኝ።

ጀማል ሱጂንን ሊያገባት መፈለጉን ለአካኮ የገለጠው መስከረም ላይ ነው። ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ በዚያ ዕድሜዬ ከበር ኋላ ሆኜ ያልሰማሁት ነገር የለም።

«ወላጆቿ የመጽሐፍ ሰዎች ናቸው?» አሉ አካኮ።

«አዎ፣ አባቷም እናቷም ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።»

«እንግዲያው ሸሪዓው አይከለክልህም።» የጀማል ድምፅ በደስታ ሊወጣ ሲል ቀደሙትና «ሸሪዓው ነው ያልኩህ፤ እኔ ገና ምንም አላልኩም» አሉት።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ጀማልን የሚያናግሩት ቃል እየቆጠቡ ነበር። ልባቸውን ያወጡት ለእናቴ ነው። «ልጅቷን ጠልቼ አይደለም» አሏት። «ሥራ ወዳድ ናት፣ ሰው አክባሪ ናት። ግን አገሯ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ በጣቴ ማሳየት አልችልም። ነገ ይዛው ብትሄድ የት ብዬ ነው የምፈልገው?»

በሱጂን በኩልም ያው ነበር። አንድ ቅዳሜ ፀጉሬን እያበጠረችልኝ «አባቴ ሊመጣ ነው» አለችኝ። አማርኛዋ አጫጭር ነበር፤ ግን የምትለው ነገር አይጠፋም። «አባቴ ይመጣል፣ ያያል። የጀማል አባት እንደ ልጅ ከተቀበሉኝ እሺ ይላል። ካልተቀበሉኝ…» ማበጠሪያውን ወደ ላይ አነሳችና እንደ አውሮፕላን ወደ ጣሪያው አበረረችው።

ያን ዕለት እራት አልበላሁም። እህት የለኝም። እኛ ግቢ ትልልቅ ሰዎች ልጅን የሚያናግሩት ሊልኩት ሲፈልጉ ብቻ ነው፤ ሱጂን ግን «ዛሬ ምን አየሽ?» ብላ ትጠይቀኝና እስክጨርስ ትሰማኛለች። ያየሁትን ነገር መናገር የሚያስከብር መሆኑን መጀመሪያ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

የእኔ ሥራ አሥር ሰዓት ሲሆን ለሱጂን በፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ማድረስ ነበር። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ፔርሙዙን ታቅፌ ስሄድ መጋረጃዋ ገርበብ ብሏል። ሱጂን ክፍሉ መሐል ቆማለች። ሁለት እጆቿን አደራርባ እስከ ግንባሯ አነሳች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ በጉልበቷ ወረደች፣ ተቀመጠች፣ ግንባሯን ከእጆቿ ሳታላቅቅ ወደ መሬት ጎንበስ አለች። ቆየች። ተነሳች። ደገመችው። ሠለሰችው። ሲሚንቶው ላይ ጉልበቷ ሲያርፍ ይሰማኛል።

እኔ ቁርአን ቤት የምሄድ ልጅ ነኝ። ሰው እጁን አንስቶ፣ ወርዶ፣ ተደፍቶ፣ ተነስቶ ሲደግም ምን እያደረገ እንደሆነ ማን ይነግረኛል? ፔርሙዙን በሩ ላይ ትቼ ወደ አግዳሚዋ ሮጥኩ።

«አካኮ! ሱጂን እኮ ትሰግዳለች! ተደብቃ ትሰግዳለች!»

መቁጠሪያ የሚቆጥረው የአካኮ ጣት ቆመ። «በዓይንሽ አይተሽ ነው?»

«በዓይኔ! ሦስቴ!»

ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉ። ሲያለቅሱ አይቻቸው ስለማላውቅ የጉንፋን መስሎኝ ነበር። «ነኢማ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ይህን ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናትሽም፣ ለጀማልም፣ ለራሷም። የልብ ነገር ነው። ጊዜው ሲደርስ በአፏ ትናገረዋለች። እስከዚያ አንነካትም።»

በማግስቱ ጀማልን ጠርተው «ለአባቷ ንገርላት፣ ይምጡ። ሠርጉ ጥር ላይ ይሁን» አሉት። ጀማል ምን ተገኘ ብሎ ቢጠይቅ ቢያስጠይቅ መልስ አጣ። እናቴ «ዱአዬ ደረሰ» አለች። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ማለቴ፣ የማውቅ የመሰለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አካኮ ብቻቸውን ባጃጅ ይዘው ገበያ ወጡና ቀይ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ የሆነ መስገጃ ገዝተው መጡ። ለሱጂን በሁለት እጃቸው ሰጧትና ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ። ምስጢሯን እንዳወቁ እንድታውቅ እንጂ እንድታፍር አልፈለጉም። ሱጂን ደግሞ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ታይቷቸው የገዙላት ምንጣፍ መሰላት። በጣም ደስ አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትወርደው የምትነሳው በዚያ መስገጃ ላይ ሆነ፤ እኔም በመጋረጃው ቀዳዳ እያየሁ ለአካኮ በየቀኑ ወሬ አቀብላለሁ። «ዛሬም ሰግዳለች» እላለሁ፤ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተምር ይሰጡኛል።

ስንዴው ታጨደ፣ ኮምባይነሮቹ ወደ ኢተያ ወረዱ፣ የጭላሎ ተራራ ብርድ ጠዋት ጠዋት ጣት ማስጨበጥ ጀመረ። ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው ፔርሙዙን ይዤ ስገባ ሱጂን መስገጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በቅባት ታሻለች። ጉልበቷ ጠቁሯል። አሳዘነችኝና ምስጢር መጠበቁን ረሳሁት።

«አላህ ይቀበልሽ» አልኳት።

«ምን?»

«ሰግደሽ ስትጨርሺ እንዲህ ነው የሚባለው።»

ሱጂን ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አየችኝና ሳቀች። «አይ፣ ነኢማ። ይሄ ጸሎት አይደለም። ይሄ ለአባት ነው።» እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። በአገሯ ሙሽራ በሠርጓ ቀን የባሏን ወላጆች ፊት ለፊት አስቀምጣ እንዲህ ትወርድላቸዋለች። ቀሚሱ ከባድ ነው፤ ከተንገዳገደች ያደገችበትን ቤት ታሳፍራለች። «ሦስት ወር የምለማመደው ለአካኮ ነው» አለችኝ። «አባቴ እንዲያይ። አካኮም እንዲያዩ። እኔ እዚህ ልጅ መሆን እፈልጋለሁ።»

«አካኮ ያውቃሉ?»

«ጀማል እነግራቸዋለሁ ብሏል።»

ይዤው የመጣሁትን ፔርሙዝ መልሼ ይዤ ወጣሁ። ሰው ለሰው እንደማይሰግድ፣ ስግደት ለአላህ ብቻ እንደሆነ ቁርአን ቤት የተማርኩት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አካኮ ደግሞ ሠርጉን የፈቀዱት እኔ ባመጣሁት ወሬ ነው። ብነግራቸው «እንግዲያው ይቅር» ይላሉ፤ ሱጂን አውሮፕላን ላይ ትወጣለች። ባልነግራቸው ደግሞ በሠርጉ ቀን ያዩታል። ጀማል ይነግራቸዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ጀማል የአባቱን ደስታ እያየ ዛሬ ነገ ሲል እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው፤ እሱም እንደ እኔው ፈሪ ኖሯል። የአካኮን ተምር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «ጥርሴን ያመኛል» ብዬ እምቢ አልኩ።

የሱጂን ወላጆች የመጡት ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ነው። እናቷ ገና ከመኪና ሲወርዱ አየሩን ወደ ውስጥ ሳቡና ለሱጂን አንድ ነገር አሏት፤ ሁለቱም ሳቁ። እሳቸውና እናቴ አንድ ቃል ሳይግባቡ ሽንኩርት እየላጡ ሲያወሩ ዋሉ። አባቷ ግን ቀጭን፣ ግራጫ ኮት የለበሱ፣ የማይስቁ ሰው ነበሩ። ግቢውን ዞረው አዩ፤ ሰርቪሷን ከውጭም ከውስጥም አዩ፤ በሩ ላይ ያለውን መቀርቀሪያ ሳይቀር ዘግተው ከፍተው ሞከሩት። አካኮ በሁለት እጃቸው ሲጨብጧቸው እሳቸው ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡና ወዲያው ቀና አሉ።

ከሻንጣቸው በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት የእንጨት ዳክዬዎች አወጡ። መጫወቻ ያመጡልኝ መሰለኝ። ሰው ሲዘናጋ ወሰድኳቸውና ይዋኙ እንደሆነ ለማየት የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ከተትኳቸው። አንዱ ተንሳፈፈ፣ አንዱ ተገለበጠ። ቀና ስል የሱጂን አባት በላዬ ቆመዋል። ለካ የሠርግ ዳክዬዎች ናቸው፤ ሙሽሮቹ ዕድሜ ልካቸውን አብረው እንዲኖሩ ተብሎ የሚሰጡ። ልጮህ ስል እሳቸው ቁጢጥ አሉ፣ የተገለበጠውን አቃኑት፣ የሁለቱን ምንቃር አቀራርበው ፊት ለፊት አደረጓቸውና ትንሽ አብረን አየናቸው። ከዚያ በራሳቸው መሐረብ አድርቀው ወሰዷቸው። ለማንም አልተናገሩም። እኚህ ሰው ክፉ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ልጃቸውን የት እንደሚጥሉ የጨነቃቸው አባት ናቸው እንጂ።

የሠርጉ ቀን መርሐ ግብሩ እንዲህ ነበር፦ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ የኮሪያው ሥርዓት፣ ከዙህር ሶላት በኋላ የኒካሁ ውል፣ ከዚያ ምሳው። የሱጂን አባት እስከዚያ ጠዋት ድረስ እሺም እምቢም አላሉም። ጀማል ሲጠይቃቸው «አያለሁ» ነበር መልሳቸው። ሦስት ወር የተጠበቀው ሁሉ በዚያች ጠዋት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሱጂን ከሰርቪሷ ወጥታ ወደ ድንኳኑ ገባች። ቀሚሷ አረንጓዴና ቀይ፣ እጅጌው ሰፊ፣ እግሯን የማያሳይ ነው። ሁለት ጉንጮቿና ግንባሯ ላይ ክብ ክብ ቀይ ነጥብ አለ። አንዲት የጎረቤት ሴት «ውይ፣ ምን ነክሷት ነው በሠርጓ ቀን?» አለች፤ እናቴ በክርኗ ዝም አስባለቻት። አካኮ አዲስ ጋቢያቸውን ደርበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ከዳክዬዎቹ አጠገብ ተምርና ለውዝ ተደርድሯል። ከስግደቱ በኋላ አማትየው ከዚያ እየዘገኑ ወደ ሙሽራዋ ጉያ ይወረውራሉ፤ የያዘችውን ያህል ልጅ ትወልዳለች ይባላል። በኮሪያ ሌላ ፍሬ ነው የሚወረወረው፤ አሰላ ላይ የተገኘው ግን የአካኮ ተምር ነው።

ሱጂን ከብብቷ ስር ያን ቀይ መስገጃ አወጣችና አነጠፈችው። አካኮ መስገጃውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። በአፏ የምትናገርበት ጊዜ ደረሰ ብለው ነበር፤ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ግን የጣቶቼን መሐል ከፈትኩት።

መስገጃው የተነጠፈው ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አይደለም። ወደ አካኮ ነው። ሱጂን እጆቿን አደራርባ ወደ ግንባሯ አነሳች፣ ቀስ ብላ ወረደች፣ ምንም ሳትንገዳገድ ተቀመጠች፣ በአካኮ እግር ፊት ጎንበስ አለች።

«አስተግፊሩላህ!» አካኮ ተፈናጥረው ተነሱ። ወንበራቸው ወደ ኋላ ወደቀ። «ያ ረቢ! አስተግፊሩላህ!» ጋቢያቸው እየተጎተተ ከድንኳኑ ወጥተው ወደ ጓሮ ሄዱ።

የሱጂን አባት ቀስ ብለው ከተቀመጡበት ተነሱ። ለሚስታቸው በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እናቲቱም ከጠረጴዛው ላይ ዳክዬዎቹን አንስተው መጠቅለል ጀመሩ። ጀማል አንዴ ወደ ጓሮ አንዴ ወደ አማቹ እያየ ቆሞ ቀረ። ሱጂን አልተነሳችም። እንደተደፋች ናት።

ሮጥኩ። አካኮ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ቆመዋል።

«ለእኔ ሰገደች!» አሉኝ። «ለእኔ ለአፈሩ! አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው ስታዪ የከረምሽው?»

«ይኼንኑ ነው አካኮ» አልኩ እያለቀስኩ። «ለእርስዎ ነው የምትለማመደው። ከጥቅምት ጀምሮ ለእርስዎ ነው። አገሯ ለባል አባት እንዲህ ነው የሚደረገው። እኔ ጸሎት መስሎኝ ነው የነገርኩዎት። እውነቱን ከሰማሁ ደግሞ አሥር ቀኔ ነው። ዝም አልኩ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ። እምቢ ይላሉ ብዬ።»

አካኮ ቁልቁል አዩኝ። ጥፊ ጠብቄ ነበር፤ ቢመቱኝም አልፈርድባቸውም።

«ሦስት ወር?» አሉ።

«በየቀኑ። ጉልበቷ ጠቁሯል። እዚህ ቤት ልጅ መሆን እፈልጋለሁ ነው ያለችኝ።»

«አሁን የት ናት?»

«እዚያው ናት። አልተነሳችም።»

ይኼኔ የአካኮ ፊት ተለወጠ። «አልተነሳችም?» አሉ። «ሰው መሬት ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት?» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ፣ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ ውስጥ ሆነው፣ ጎንበስ ብለው እንባዬን በአውራ ጣታቸው ጠረጉልኝ። «ያየሽውን ነው የነገርሽኝ፤ ውሸት አልተናገርሽም። አንቺ ፈርተሽ ዝም አልሽ፤ እኔ ፈርቼ ሮጥኩ። እኩል ነን። በይ ነዪ፣ አብረን እንመለስ።»

ብዙ ሰዎች ብዙ ነገር አድርገውልኛል። ያቺን «እኩል ነን» የሚያህል ግን ማንም አልሰጠኝም። ስንቱን ጠበኛ ያስታረቁ ሽማግሌ፣ የገዛ ጥፋታቸውን ከአንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጥፋት አጠገብ አስቀመጡት። ያን ዕለት ቢያመናጭቁኝ ኖሮ ያየሁትን መናገር ዕድሜዬን ሙሉ የምፈራ ይመስለኛል። አላህ ይስጣቸው እላለሁ፤ ባስታወስኳቸው ቁጥር።

እጄን ይዘው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ወንበራቸውን ሊያቀኑ የቀረቡትን ሰዎች በእጃቸው ከለከሉ። መስገጃው ዳር ድረስ ሄዱና የሚያማቸውን ጉልበት አጥፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከሱጂን ጋር እኩል ሆኑ። ሁለት እጃቸውን በክርኖቿ ስር አስገቡ።

«ካኢ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ በኦሮምኛ። ከዚያ እንዲገባት በአማርኛ ደገሙላት። «ተነሺ፣ ልጄ። እዚህ ቤት መሬት ላይ የሚቀር ልጅ የለም።»

ሱጂን ቀና አለች። ቀዩ ነጥብ በእንባ ተዘባርቆ ጉንጯን አቅልቶታል። ቀሚሱ ከብዷት፣ እሳቸውም አርጅተው፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደገፉ ነው የቆሙት። አካኮ እጇን ሳይለቁ ወደ አባቷ ዞሩ።

«ጀማል፣ ዛሬ እንኳ አትፍራ፣ እንደማወራው ተርጉምልኝ» አሉ። «በእኛ ሃይማኖት ሰው ለሰው አይሰግድም። ልጅዎን ንቄ አልተነሳሁም። ለፈጣሪ የሚገባ ክብር ለእኔ ሲመጣ ደንግጬ ነው የሸሸሁት። ከክብሩ ሸሸሁ እንጂ ከእሷ አልሸሸሁም። ለሦስት ወር ልፋቷ ግን ምስጋናዬ ይኼ ነው፤ ልጄ ናት።»

ጀማል በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ ሱጂን የቀረውን በኮሪያኛ ሞላችው። አባቷ ሰምተው ሲጨርሱ በአካኮ እጅ ውስጥ ያለውን የልጃቸውን እጅ አዩ። ሚስታቸው ዳክዬዎቹን በግማሽ ጠቅልለው እንደያዙ ናቸው። እኔ የአካኮን ጋቢ ጫፍ ጨብጫለሁ።

ከዚያ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ሱጂን ወደ እኛ ዞራ ተረጎመችው።

«አባቴ እንዲህ ይላል» አለች። «በእኛ አገር ሙሽራ በዚህ ቀሚስ ብቻዋን መነሳት አትችልም። ከግራና ከቀኝ ሁለት ሴቶች ያነሷታል። እዚህ የሚያነሳሽ ማን ነው ብሎ ሲጨነቅ ነበር። የባል አባት ራሱ ወርዶ ሲያነሳ በዕድሜው አላየም።» ዓይኗን ጠረገች። «ትቼሽ እሄዳለሁ አለ። ሳልፈራ ትቼሽ እሄዳለሁ።»

እናቷ ጨርቁን ፈትተው ዳክዬዎቹን ወደ ጠረጴዛው መለሱ። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። የሱጂን አባት ኮታቸውን ቆለፉ፣ እግራቸውን ገጠሙና በአካኮ ፊት ከወገባቸው ጎንበስ አሉ።

«ኧረ በአላህ! ኧረ አይገባም!» ብለው አካኮ ሊያነሷቸው ሲሉ እሳቸውም አብረው ጎንበስ አሉ። እንግዲህ ኮሪያዊው ታላቃቸው ሳይቃና አይቃኑም፤ ለአካኮ ደግሞ እንግዳ ሳይቀድም መቃናት ነውር ነው። ተያይዘው፣ ግንባር ለግንባር ሊገጥሙ ምንም ሳይቀራቸው፣ አንዱ «በሞቴ» እያሉ ሌላው በራሳቸው ቋንቋ እየመለሱ ቆዩ። እናቴ «ኧረ ወገባችሁን!» ስትል ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ።

መጀመሪያ የተቃናው ማን እንደሆነ ቤታችን ውስጥ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጀማል «አባቴ ናቸው» ይላል፣ ሱጂን «አባቴ ነው» ትላለች። እኔ የአካኮን ጋቢ እንደያዝኩ በመካከላቸው ቆሜ ነበር። አብረው ነው ቀና ያሉት።